ፍርሃት ሲወጣ ምጥ አብሮ ይወጣል? የዶክተር ዲክ-ሪድ ሐሳብ ሲፈተሽ

የምጥ ሕመም ከየት ይመጣል? እንግሊዛዊው ሐኪም ግራንትሊ ዲክ-ሪድ እ.ኤ.አ. በ1933 «ተፈጥሯዊ ወሊድ» በሚል ርዕስ ባሳተመው መጽሐፍ የሰጠው መልስ አጭር ነው፦ በዋናነት ከፍርሃት። የፈራች ሴት ሰውነቷ ይወጠራል፤ ውጥረቱ ያማል፤ ሕመሙ ደግሞ ፍርሃቱን ይጨምራል። ዛሬ ለነፍሰ ጡሮች የሚሰጠው የአተነፋፈስና ሰውነትን የማፍታታት ሥልጠና ከዚህ ሐሳብ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው።

ለኢንጂነር ይሄ ነገር ፊድባክ ነው። ማይክራፎን ስፒከር አጠገብ ሲቀመጥ የሚወጣውን ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አስታውሱ። ማይኩን ዞር ስታደርጉት ፉጨቱ ይቆማል። ተናጋሪው ግን ዝም አላለም! ዲክ-ሪድ የሳተው እዚህ ላይ ነው። ዑደቱ ሕመሙን ሊያባብስ ይችላል፤ ብቸኛው ምንጭ ግን አይደለም። ማህፀን ይኮማተራል፣ የማህፀን በር እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይከፈታል፣ የሕፃኑ ጭንቅላት በዳሌ አጥንት መሀል ያልፋል። ፍርሃት ኖረም አልኖረም ይሄ ሁሉ ይሆናል።

እውነቱን ለመናገር ሰውየው ያመጣው በጎ ነገርም አለ። በዘመኑ ብዙ ሴቶች በሞርፊንና በስኮፖላሚን ደንዝዘው፣ የሆነውን ሳያስታውሱ ነበር የሚወልዱት። እሱ ግን እናትየዋ ታውቅ፣ ብቻዋን አትተው አለ። በዚህ በኩል ማስረጃው ከእሱ ጋር ነው። በ2017 የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ17 አገሮች የተገኙ 26 ጥናቶችን አይቶ፣ በምጥ ወቅት ያልተቋረጠ ድጋፍ ያገኙ ሴቶች በቀዶ ሕክምና የመውለዳቸው ዕድል እንደሚቀንስ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ምጥ የያዛት ሴት ራሷ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆን መክሯል።

ችግሩ ሐሳቡን ያቆመበት መሠረት ነው። «ያልሠለጠኑ» የሚላቸው ሕዝቦች ሴቶች ብዙም ሳያማቸው ይወልዳሉ፣ ፍርሃትን ያመጣው ሥልጣኔ ነው ይላል። እስቲ አያቶቻችንን ጠይቋቸው! በእኛ አገር አራስ ስትጠየቅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው የምትባለው። ይህን ምርቃት ያወጣው ሕዝብ ወሊድ ቀላል ነው ብሎ አያውቅም። በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ኢትዮጵያ ውስጥ በጤና ተቋም ይወለድ የነበረው ሕፃን 26 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከ100,000 በሕይወት ከተወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ይሞቱ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በ1974 የፊስቱላ ሆስፒታል የተከፈተው ለቀናት በተራዘመ ምጥ የተጎዱ ሴቶች ስለበዙ ነው። የሕፃኑ ጭንቅላት ዳሌ ላይ ሲቀረቀር መፍትሔው መረጋጋት ሳይሆን ቀዶ ሕክምና ነው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ሐሳቡ ራሱን ከስህተት የሚከላከልበት መንገድ ነው። ካላመማት «አያችሁ፣ አልፈራችም» ይባላል፤ ካመማት ደግሞ «ስለፈራች ነው»። ውጤቱ ምንም ቢሆን ሁልጊዜ ትክክል የሚሆን ሞዴል ላብራቶሪ ውስጥ ቢቀርብልን አንቀበለውም። እዚህ ላይ ደግሞ ዕዳውን የምትከፍለው ያማጠችው ሴት ናት፤ ማደንዘዣ ስትጠይቅ እንደተሸነፈች ይሰማታል።

ስለዚህ ከዲክ-ሪድ «አይዞሽ» የሚል ሰው አጠገቧ ይኑር የሚለውን እንውሰድ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉና የሕመም ማስታገሻው ግን በዚያው ግቢ ይሁኑ፤ እነሱን መፈለጓም ድክመት አይባል።