አውታሩና ኖታው፦ የኤድዋርድ በንቲንግ «የአየርላንድ ጥንታዊ ሙዚቃ» ሲዳሰስ

ሃርፕ የተባለው የአውታር መሣሪያ ከ1928 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአየርላንድ ሳንቲሞች ላይ ሳይቋረጥ ኖሯል፤ በፓስፖርቱና በመንግሥት ማኅተሙም ላይ አለ። የምስሉ አብነት ደብሊን በሚገኘው ትሪኒቲ ኮሌጅ የተቀመጠ የመካከለኛው ዘመን ሃርፕ ነው። ምስሉን የማያውቅ አየርላንዳዊ የለም። ድምፁን፣ ይልቁንም ድምፁን ያወጣ የነበረውን እጅ፣ ለማወቅ የሚሻ ግን መጽሐፍ ማገላበጥ ግድ ይለዋል። ኤድዋርድ በንቲንግ በ1840 ደብሊን ላይ ያሳተመው «የአየርላንድ ጥንታዊ ሙዚቃ» ከእንዲህ ያሉ መጻሕፍት ቀዳሚው ነው።

የመጽሐፉ መነሻ በሐምሌ 1792 ቤልፋስት ላይ የተካሄደ ጉባኤ ነው። አሥር አየርላንዳውያንና አንድ የዌልስ ሃርፕ ደርዳሪ ተሰብስበው ለሽልማት ተወዳደሩ። ከአየርላንዳውያኑ ከግማሽ የሚበልጡት ዓይነ ስውራን ነበሩ፤ ሴት አንዲት ብቻ፣ ሮዝ ሙኒ። የ19 ዓመቱ ኦርጋን ተጫዋች በንቲንግ የሚሰማውን በኖታ እንዲጽፍ ተቀጠረ። የአራት ቀን ሥራ ነበር፤ እርሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ አልተላቀቀውም። በ1796 ስድሳ ስድስት ዜማዎች፣ በ1809 ሰባ ሰባት፣ በመጨረሻም በዚህ በሦስተኛው ቅጽ ከ150 በላይ ዜማዎች አሳተመ። ይህን ካደረገ ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈ።

መጽሐፉ በሁለት ይከፈላል፤ አንዱ መቶ ገጽ ያህል ሐተታ፣ ሌላው የዜማዎቹ ኖታ። እንደ እኔ ሚዛን ክብሩ ያለው በሐተታው ነው፤ በተለይም የአደራደር ስልትንና የደርዳሪዎቹን ሙያዊ ቃላት በሚዘረዝረው ክፍል። የጥንቱ የአየርላንድ ሃርፕ አውታሩ ናስ ነው። አንድ ጊዜ ከተነካ ድምፁ ቶሎ አይሞትም፤ ስለዚህ የደርዳሪው ጥበብ አውታሩን በመንካት ብቻ ሳይሆን የትኛውን ድምፅ መቼ ዝም ማሰኘት እንዳለበት በማወቅም ይለካል። በንቲንግ ይህን አስተውሏል። እያንዳንዱን የጣት አካሄድና ድምፅ ማፈኛ ደርዳሪዎቹ በሚጠሩበት በአይሪሽ ስሙ መዝግቧል። የቅኝቱንም ሥርዓት ጽፏል፤ ቅኝት የሚጀመረው እኩል ድምፅ ካላቸው ከሁለት ጎረቤት አውታሮች ሲሆን ደርዳሪዎቹም «እኅትማማቾቹ» ይሏቸው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ የናስ አውታሩን ሃርፕ መልሰው ለማስነሣት የተነሡ ሰዎች የተመረኮዙት በእነዚህ ጥቂት ገጾች ላይ ነው። ለአንድ የሙዚቃ መጽሐፍ ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አላውቅም።

መጽሐፉ ሌላ የሚመሰገንበት ለእውነት ያለው ታማኝነት ነው። በትሪኒቲ ኮሌጅ የሚገኘው ሃርፕ በ1014 የሞተው የንጉሥ ብራያን ቦሩ ነው የሚል አፈ ታሪክ በአገሩ ሁሉ ይወራ ነበር። መጽሐፉ የሊቁን የጆርጅ ፔትሪን ጥናት አካትቷል፤ ጥናቱም አፈ ታሪኩን ያፈርሰዋል። ሕዝብ የሚወደውን ምልክት በሚያወድስ መጽሐፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ገጽ ማስገባት ድፍረት ይጠይቃል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሐተታው ወደ ኖታው ስንሻገር ነው። ዜማዎቹ የተቀናበሩት ለፒያኖ ነው። ሃርፑ በአንድ ቅኝት ከተቃኘ በዜማው መካከል ከቅኝቱ የሚወጣ ድምፅ እንደ ልብ አይገኝለትም፤ የበንቲንግ አጃቢ ቅንብር ግን በዘመኑ የሳሎን ልማድ መሠረት እነዚያን ድምፆች በነፃነት ይጨምራል። ቤልፋስት በሚገኘው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የተቀመጡት የእጅ ጽሑፍ ረቂቆቹ ከታተመው ይልቅ እርቃናቸውን የቀሩና ለሃርፑ የቀረቡ ናቸው። በገና ሲደረደር የሰማ የእኛ አንባቢ ጉድለቱን ለመረዳት አይቸገርም፤ የበገናን ዜማ በፒያኖ መጫወት ይቻል ይሆናል፣ ከአውታሩ ሥር የሚገባው የቆዳ ቁራጭ፣ የእንዚራው፣ ንዝረት ግን የት ይገባል? በፍርድ እንመዝን ከተባለ፣ በ1840 መጽሐፉን የሚገዛው ሰው ቤቱ ፒያኖ እንጂ የናስ አውታር ሃርፕ አልነበረውም። በንቲንግ ለሕያዋን ገዢዎች ጻፈ። ይህ ምርጫውን እንድንረዳ ያደርገናል፤ ከተጠያቂነት ግን አያድነውም፤ የደርዳሪዎቹን የእጅ ጥበብ ከማንም በላይ ያወቀው እርሱ ራሱ ነበርና።

የቃሉ ነገር ደግሞ ይበልጥ ያሳዝናል። ብዙዎቹ ዜማዎች በአይሪሽ ቋንቋ የሚዘፈኑ ነበሩ። በ1802 ፓትሪክ ሊንች የተባለ የቋንቋው ዐዋቂ ግጥሞቹን ከባላገሩ አፍ እንዲለቅም ወደ ምዕራባዊው የአየርላንድ ግዛት ወደ ኮናክት ተልኮ ነበር፤ ለቅሞም ተመለሰ። የ1809ኙ ቅጽ ግን የእንግሊዝኛ ግጥሞችን አተመ፤ የ1840ው ደግሞ ቃል የሚባል ነገር የለውም። የዜማዎቹ የአይሪሽ ስሞች በማውጫው ውስጥ መስፈራቸው የሚያስመሰግን ቢሆንም ቤቱ ፈርሶ የበሩን ጽሑፍ ብቻ እንደማግኘት ነው።

በአስተሳሰብ ረገድም የምነቅፈው አለ። በንቲንግ ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ይለወጣል፣ ዜማ ግን አይለወጥም ባይ ነው፤ በዚህም እምነት ዜማዎቹን «እጅግ ጥንታዊ»፣ «ጥንታዊ» እያለ በዕድሜ ይመድባል። ማስረጃው ግን ስሜቱ ነው። የገዛ ረቂቁና የታተመው ቅጂ መለያየታቸው ሐሳቡን ይቃወመዋል።

ያም ሆኖ ከመጽሐፉ ደጋግሜ የምመለስበት አንድ ቦታ አለ። በጉባኤው ላይ በረጅም ጥፍሩ እንደ ጥንቱ ወግ የደረደረ ዴኒስ ሄምፕሰን ብቻ ነበር፤ የ97 ዓመት ዓይነ ስውር ሽማግሌ። የድሮውን የቅኝት መፈተሻ መግቢያ እንዲጫወት ሲጠየቅ እምቢ አለ፤ ብዙ ተለምኖም አንዲት ቁራጭ ብቻ ሰጠ። በንቲንግ ያቺን ቁራጭ ሳያሟላ፣ ቀጣይ ሳይፈጥርላት፣ እንደ ቁራጭነቷ አተማት። መጽሐፉን በሙሉ በዚያ እጅ ጽፎት ቢሆን እላለሁ።