ሳይጠቁር

ልጅ ሳለሁ ምች ሲመታኝ እናቴ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጥፋ፣ በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ፣ ጭማቂውን ሲኒ ውስጥ ጠብ ታደርገዋለች። ቡና ቀድታበት «ሳይጠቁር ቶሎ ጠጣ» ትለኛለች፤ በተረፈው ግንባሬን ታሸኛለች። «ሳይጠቁር» ማለቷ የገባኝ ግን ከቅጠል ውህድ መለየት እንጀራዬ ከሆነ በኋላ ነው።

የመጀመሪያውን ናሙናዬን ያበላሸው ችኮላ ነው። እርጥቡን ቅጠል ቶሎ ይድረቅልኝ ብዬ 70 ዲግሪ በሞቀ ማድረቂያ ውስጥ ከተትኩት። በሩን ስከፍተው ክፍሉ በዳማከሴ ሽታ ታወደ። ያ ሽታ ተናኙ ዘይት ነበር፤ ከቅጠሉ ወጥቶ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ቅጠል የማደርቀው በጥላ፣ ሳሳ አድርጌ ዘርግቼ ነው።

የደረቀውን ወቅጬ በ80 በመቶ ሜታኖል ለ3 ቀን እዘፈዝፈዋለሁ። አጥልዬ ሳተነው ብልቃጡ ሥር ሙጫ የመሰለ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ይቀራል። አብዛኛውን ክሎሮፊል በሄክሴን አጥባለሁ። ከቀረው ጥቂት በሲሊካ ሳህን ላይ ጠብ አድርጌ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሳየው፣ የተረፈው ክሎሮፊል ቀይ፣ ፊኖሊክ ውህዶቹ ሰማያዊ ሆነው ይበራሉ።

ዳማከሴ ከበሶብላ ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ከሚታወቅባቸው እብጠት ቀናሽ ውህዶች አንዱ ሮዝማሪኒክ አሲድ ነው፤ በ1958 እ.ኤ.አ. ጣሊያናውያኑ ስካርፓቲና ኦሪየንቴ መጀመሪያ የለዩት ከጥብስ ቅጠል ነው። እንዲህ ያሉ ውህዶች በሕያው ቅጠል ውስጥ ከሚያበላሻቸው ኢንዛይም ተለያይተው ይኖራሉ። ቅጠሉ ሲታሽ ግን ሕዋሱ ይፈርሳል፤ ውህዱ ከኢንዛይሙና ከኦክስጅን ጋር ይገናኛል፤ ጭማቂው ይጠቁራል፤ ውህዱም ሌላ ነገር ይሆናል። እናቴ የውህዱን ስም ባታውቅም ሰዓቱን ታውቅ ነበር።

የአገራችን ተመራማሪዎች የዳማከሴ ቅጠል በአይጥ ላይ እብጠት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ለሰው ይሠራል ለማለት ግን በሰው ላይ መጠኑና ጉዳቱ ተለክቶ መታየት አለበት። ያ ልኬት ደግሞ ሰው በሚጠጣው መልክ ካልተዘጋጀ ቅጠል ላይ ቢጀመር፣ የምንፈትነው ሌላ መድኃኒት ይሆናል።

ስለዚህ ዛሬ ቅጠሉን ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ አንዱ በጥላ ይደርቃል፣ ሌላው በእርጥቡ ተጨምቆ ወዲያው ይመረመራል። ሁለቱንም በአንድ ሳህን ላይ ጎን ለጎን ጠብ አደርጋቸዋለሁ። ተማሪዎቼን ወደ መንደር ስልክም ከተክሉ ስም አስቀድመው እንዲጠይቁ የማሳስባቸው ይህን ነው፦ በእርጥቡ ነው በደረቁ? በምን ይጠጣል? ከታሸ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል?