የፕሌትሌት ፕላዝማ መርፌ ለፀጉር መርገፍ፦ ተስፋውና ማስረጃው

ከታካሚው ከራሱ ደም የሚለየውንና ፕሌትሌት የበዛበትን ፕላዝማ በራስ ቆዳ ውስጥ መውጋት ለፀጉር መርገፍ መፍትሔ ነው ከተባለ ከራርሟል። ለዚህ በብዛት የሚጠቀሰው ትሪንክና ባልደረቦች በ2013 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ነው። ላሽ ያለባቸው 45 ሕሙማን በራሳቸው አንድ ጎን ላይ ፕላዝማ፣ ትራያምሲኖሎን ወይም መድኃኒት አልባ መርፌ በአንድ አንድ ወር ልዩነት በጠቅላላው ሦስት ጊዜ ተወግተው የፕላዝማው ውጤት በልጧል። ሌላው ጎን ሳይነካ ለማነጻጸሪያ መተዉ የሚመሰገን ነው። ሆኖም 45 ሰው ለሦስት ቡድን ሲከፈል እጅግ ጥቂት ነው፤ ላሽም ያለ ሕክምና ሊድን ይችላል። ከዚህ የከፋው ግን የአዘገጃጀቱ ነገር ነው፤ ሴንትሪፊውጁ የሚሽከረከርበት ፍጥነትና የሚገኘው የፕሌትሌት መጠን ከክሊኒክ ክሊኒክ ይለያያልና አንድ ስም ብዙ መድኃኒት ይሸፍናል።

ማስታወቂያው ግን ላሽን ከሌላው አይለይም። በቦንጋና በአካባቢዋ የሕፃን ራስ ሲመለጥ አስቀድሞ ሊጠረጠር የሚገባው ቆረቆር ነው፤ ይህንንም የሚፈውሰው ለሳምንታት የሚዋጥ ግሪሲዮፉልቪን እንጂ ፕላዝማ አይደለም። ጠብቆ መሠራት ያረገፈው ፀጉርም ሥሩ ጠባሳ ሳይሆን ሹሩባው ከላላ ይመለሳል። ቤተሰብ የቡናውን ገንዘብ ይዞ እስከ አዲስ አበባ ከመጓዙ በፊት፣ ከልጁ ራስ የተፋቀ ቅርፊት በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ተነክሮ በማይክሮስኮፕ ሊታይ ይገባል።