መገልበጥና መማር፤ ከጠፋው የማዛቾ ሥዕል የቀረልን ምንድን ነው?

የሥዕል ተማሪ የቀደሙትን ሊቃውንት ሥራ እየገለበጠ ይማር ወይስ ከመጀመሪያው የራሱን ይፍጠር የሚለው ክርክር በመካከላችን ደጋግሞ ይነሣል። መገልበጥን የሚነቅፉት የሰው እጅ የለመደ የራሱን እጅ ያጣል ባዮች ናቸው። የሚደግፉት ደግሞ የታላላቆቹን ስም ይጠሩና ነገሩን በዚያው ይዘጉታል። በእኔ አስተያየት ግን ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ ዘለዋል፤ ይኸውም ገልባጩ ከሥዕሉ ምኑን ወሰደ፣ ምኑንስ ተወ የሚለው ነው።

ለዚህ ጥያቄ የሚስማማ ምሳሌ በኢጣልያ አገር በፍሎረንስ ከተማ እናገኛለን። በዚያ የምትገኘው የካርሚኔ ቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1422 ስትባረክ የተደረገውን በዓል ማዛቾ በገዳሙ ግድግዳ ላይ በአረንጓዴ አፈር ቀለም ብቻ ሣለው። ማዛቾ 30 ዓመት ሳይሞላው የሞተ ሠዓሊ ነው። ሥዕሉን በዓይኑ ያየው ጆርጆ ቫሳሪ እንደ ጻፈው፣ ሕዝቡ አምስትና ስድስት እየሆነ በረድፍ ቆሞ፣ ከዓይን በራቀ መጠን እያነሰ ይታይ ነበር። ሁሉም በአንድ ቁመት አልተሣሉም፤ አጭሩና ወፍራሙ ከረጅሙና ከቀጭኑ ተለይቶ ይታወቃል። ሕንጻ ሠሪው ብሩኔሌስኪና ቀራጩ ዶናቴሎ ከነመልካቸው፣ በረኛውም ቁልፉን በእጁ እንደ ያዘ፣ በዚያ ነበሩ።

ይህ ሥዕል በ16ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ግድም ገዳሙ ሲታደስ ጠፋ። ዛሬ የምናውቀው ከቫሳሪ ቃልና ከገልባጮች ጥቂት ንድፎች ብቻ ነው። ከነዚህም መካከል ብዙ ሊቃውንት የሚቈጥሩት፣ በቪየና አልበርቲና ቤተ መዘክር የሚገኘው የወጣቱ ሚኬላንጄሎ የብዕር ንድፍ ነው።

በንድፉ ላይ ካባ የለበሱ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ረድፉ የለም፤ አደባባዩ የለም፤ በረኛውም የለም። ሚኬላንጄሎ እንዲህ ያደረገው መገልበጥ ስላልቻለ ነው አይባልም። የቀድሞ ሰዎችን ንድፍ እጅግ አስመስሎ ይገለብጥ እንደ ነበርና ወረቀቱንም በጢስ እያጠየመ ያስረጀው እንደ ነበር ያው ቫሳሪ ይነግረናል። ስለዚህ የቀረውን የተወው አውቆ ነው። የፈለገው የሰዎቹን ማንነት ሳይሆን የካባውን ክብደትና ከካባው በታች ያለውን የሰውነት አቋም ነበር። በኋላ ታላቅ ቀራጭ የሚሆነውን ሰው በዚህች ወረቀት ላይ እናየዋለን።

በበኩሌ ይህንኑ ንድፍ ከመጽሐፍ ላይ በእርሳስ ለመገልበጥ ሞክሬ ነበር። በፊት ፊቱን ጀምሬ ሦስት ጊዜ ፋቅሁት። በመጨረሻ የፊተኛው ሰው ካባ መሬት ከሚነካበት ስፍራ ስነሣ ግን ሌሎቹ ሁለቱ የሚቆሙበትን ቦታ አገኙ። ይህን ከማየት ብቻ አላስተዋልሁትም ነበር፤ ያስተማረኝ እጄ ነው።

ሆኖም ንድፉን እንዲሁ አመስግኜ አላልፍም። የማዛቾ ሥራ የብዙ ሰዎች መልክ በአንድነት ነበረ፤ ዋናው ነገሩም ሰው ከሰው አጠገብ በየቁመቱ መቆሙ ነው። ሚኬላንጄሎ ሦስቱን ነጥሎ ሲወስድ ጉባኤው ተበተነ። ለርሱ ትምህርት ይህ በቂ ነበር፤ ለእኛ ግን አይበቃም። ስሙ ያልታወቀ አንድ ትሑት ተማሪ ረድፉን ሁሉ እስከ በረኛው ድረስ ሳይመርጥ ገልብጦ ቢያቆይልን ኖሮ፣ ዛሬ ከታላቁ ሰው ንድፍ ይልቅ ውለታው የርሱ ይበዛ ነበር።

እንግዲህ የመገልበጥ ጉዳቱ የራስን እጅ ማጥፋቱ አይደለም፤ ሚኬላንጄሎ እጁን አላጣም። ጉዳቱ ሙሉውን ሳያውቁ መምረጥ ነው። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ንባብ ሳይጸና ትርጓሜ እንደማይጀመር ሁሉ፣ የሥዕል ተማሪም አስቀድሞ ጉባኤውን በሙሉ ይገልብጥ፤ ከዚያ በኋላ የራሱን ሦስት ሰዎች ይምረጥ።