ደመወዝ ያልተቈረጠለት ወኅኒ ጠባቂ

እንግሊዛዊው ጆን ሃዋርድ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1777 ዓ.ም. ስለ እንግሊዝና ስለ ዌልስ ወኅኒ ቤቶች ሁኔታ ያሳተመው መጽሐፍ ለንባብ የሚጣፍጥ አይደለም። ገጹን የሚሞላው የየወኅኒው ስም፤ የጠባቂው ደመወዝ፤ ከእስረኛው የሚቀበለው ገንዘብ፤ የእስረኞቹም ቍጥር ነው። ቅኔ የለመደ ጆሮ ሰሙን ብቻ ሰምቶ ሊዘጋው ይችላል፤ ወርቁ ግን ከዚያው ከደረቀው ቍጥር ውስጥ ነው።

ሃዋርድ በ1773 ዓ.ም. በቤድፎርድ አውራጃ ሸሪፍ የተባለውን ሹመት በያዘ ጊዜ፣ በፍርድ ነጻ የወጡ ሰዎች እንኳ ለጠባቂው እስኪከፍሉ ድረስ ወደ ወኅኒ ሲመለሱ አየ። ጠባቂው ደመወዝ ስላልነበረው ቀለቡ ከእስረኛው ኪስ ነበር። ስለዚህ ሃዋርድ ከአውራጃው ገንዘብ ደመወዝ ይቈረጥለት ዘንድ ዳኞቹን ለመነ። እነርሱም ነገሩ አሳዘናቸው፤ ዳሩ ግን አስቀድሞ እንዲህ ያደረገ አውራጃ እንዲያሳያቸው ጠየቁት። ይህን ፍለጋ ወደ ጎረቤት አውራጃዎች ቢሄድ ያገኘው ያንኑ ግፍ ነው። ደራሲው ይህን ሁሉ ያለ ቍጣ መተረኩ የመጽሐፉ ትልቁ ኀይል ነው፤ በዳኞቹ ላይ እንዲፈርድ የተተወው አንባቢው ነውና።

በ1774 ዓ.ም. የእንግሊዝ ምክር ቤት ነጻ የተለቀቁት እንዳይከፍሉ፣ የጠባቂውም ድርሻ ከአውራጃው ገንዘብ እንዲተካ ደነገገ። መጽሐፉ ሕጉ ያልተፈጸመባቸውን ስፍራዎች ሳይራራ ይገልጣል።

ጉድለቱ ጠባቂው ስለ ራሱ የሚናገርበት ስፍራ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። ቍልፍ ተሰጥቶት እንጀራ የተነፈገው ሰው ልጆቹን በምን እንዳሳደገ፣ ሹሞቹንም ምን ብሎ እንደ ለመነ ለማወቅ የሚሻ አንባቢ፣ ከደመወዙ መስመር ላይ ቆሞ ይቀራል።