«ሴራ» ወይስ «ትልም»?

ከተበላ ተነሥቶ በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ተማሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፊደል የቆጠረው በወላይትኛ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛ ሦስተኛ ቋንቋው ነው። የልቦለድን አላባውያን ለመረዳት ወደ አማርኛ መጻሕፍት ሲዞር «ፕሎት» የሚለውን ቃል በ«ሴራ» ተተርጉሞ ያገኘዋል።

ይህ አቻ ጉድለት አለበት። እንግሊዝኛው ቃል ቁራሽ መሬትንም፣ ዱለታንም፣ የድርጊት ቅንብርንም ያመለክታል፤ «ሴራ» ግን የያዘው ዱለታውን ነው። ፎርስተር በ1927 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ ፕሎትን ከተራ ታሪክ የሚለየው ድርጊቶች በምክንያትና በውጤት መያያዛቸው ነው፤ ተንኮል መኖሩ አይደለም።

ሐምሌትን እንውሰድ። ክላውዲየስና ላየርቲዝ ልዑሉን በተመረዘ ሰይፍ ለመግደል የሚዶልቱት በእርግጥ ሴራ ነው። የተውኔቱ ቅንብር በሙሉ «ሴራ» ከተባለ ግን ከፊሉና ሙሉው በአንድ ስም ይጠራሉ፤ ተማሪውም ሴረኛውን ሲፈልግ የደራሲውን ጥበብ ይስታል።

አንዳንድ ጸሐፍት የሚጠቀሙበት «ትልም» ይሻላል። ገበሬ አንዱን ፈር ተከትሎ ሌላውን እንደሚያወጣ፣ ደራሲም ድርጊትን ከድርጊት ያስከትላል። «ሴራ» ሥር መስደዱ አይካድም፤ መለመዱ ግን ትክክለኛነቱን አያረጋግጥም። ስለዚህ «ትልም» ለቅንብሩ፣ «ሴራ» ለዱለታው ቢመደቡ ይገባል።