ሽቦና ባልጩት

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ ለብስክሌት ብሎ የሠራው የለም። የሚመላለስበት የሰሊጥ ጭነት፣ ቦቴ፣ ለአረምና ለአጨዳ ወደ ቆላ የሚወርደውን ሠራተኛ የጫነ አይሱዙ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 ከካይሮ ተነሥቶ ኬፕታውን የሚደርሰው «ቱር ዳፍሪክ» የተባለ የብስክሌት ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ፣ ተጓዦቹ ከሱዳን ወደ ኢትዮጵያ የገቡት በዚሁ በር፣ በገላባትና በመተማ በኩል ነበር። የሱዳንን ሜዳ ለምዶ የመጣ እግር እዚህ ሌላ አገር ይገጥመዋል። መተማ ከባሕር ወለል በላይ 800 ሜትር እንኳ አትሞላም፤ ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። በመካከላቸው ያለው ወደ 200 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ ያን ጊዜ ፒስታ ነበር፤ አስፋልቱ የመጣው በኋላ ነው። ዳገቱም በአንድ ትንፋሽ አይገላግልም፤ ያወጣል፣ መልሶ ወደ ወንዝ ያወርዳል፣ እንደገና ያወጣል።

በውጭው ዓለም በጠጠር መንገድ ለሚጋለብ ብስክሌት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ለብቻው ስም ወጥቶለታል። «ግራቭል» ይሉታል፤ የራሱ ውድድር፣ የራሱ ልብስ፣ በተለይም የራሱ ዋጋ አለው። የእኛ ሰው ኮረኮንች ላይ ብስክሌት ሲነዳ የኖረው ስም ሳያወጣለት ነው። እኔን የሚገርመኝ ፋሽኑ ሳይሆን እንዲህ ያለውን መንገድ ችሎ የሚወጣው ጎማ ነው፤ ከጎማውም ሽቦው።

አንዱን ሽቦ ነቅሎ መዳፍ ላይ ላኖረው ሰው የሚያኮራ ነገር የለውም። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ክብደቱ ጥቂት ግራም። በሁለት ጣት ይጎብጣል። ታዲያ 32 ወይም 36 የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ሽቦዎች አንድ ቀጭን ቸርኬ ላይ ተወጥረው ጋላቢውን፣ ጓዙን፣ ከዳገት ሲወርድ የሚመጣውን ምት ሁሉ ይሸከማሉ። እንዴት? ብዙ ሰው ጎማው በታችኞቹ ሽቦዎች ላይ የቆመ ይመስለዋል። ሽቦ ግን ሲገፉት ይታጠፋል እንጂ አይቆምም። ሌላው ደግሞ በላይኞቹ ሽቦዎች የተንጠለጠለ ይመስለዋል። ይህም ልክ አይደለም። ምስጢሩ ሸክም ከመምጣቱ በፊት እያንዳንዱ ሽቦ በኃይል ተወጥሮ መቀመጡ ነው። ጋላቢው ሲወጣበት፣ መሬት የነካው ጎን ያሉት ጥቂት ሽቦዎች ከውጥረታቸው በመጠኑ ይላላሉ፤ የሌሎቹ እምብዛም አይለወጥም። ጎማው የሚሸከመው በመላላት ነው ማለት ይቻላል። ለመላላት ደግሞ አስቀድሞ የሚላላ ውጥረት ያስፈልጋል። በደንብ ያልተወጠረ ጎማ ኮረኮንች ላይ ሲመታ የታችኛው ሽቦ ፈጽሞ ይረግባል፣ ወዲያው ተመልሶ ይወጠራል፤ ይህ በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገም ሽቦው አንገቱ ላይ፣ ከእምብርቱ በሚወጣበት መታጠፊያ ይበጠሳል። ሽቦ የሚበጠሰው ከመጥበቁ ብዛት ነው የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ነገሩን ገልብጦ ይዞታል።

ሌላም ነገር ልብ ይሏል። ሽቦዎቹ ከእምብርቱ ወደ ቸርኬው ቀጥ ብለው አይወጡም። ግማሾቹ ወደፊት፣ ግማሾቹ ወደኋላ አዘንብለው፣ እርስ በርሳቸው ብዙውን ጊዜ ሦስት ጊዜ ተሻግረው ይሄዳሉ። ይህን አሠራር እንግሊዛዊው ጄምስ ስታርሊ እ.ኤ.አ. በ1874 ፓተንት አስወጥቶበታል። ጥቅሙ ዳገት ላይ ይታያል፦ ፔዳሉ ሲረገጥ ካቴናው እምብርቱን ይጎትተዋል፤ ወደኋላ ያዘነበለው ሽቦ ደግሞ ያን ጉተታ ተቀብሎ ለቸርኬው ያስረክባል። ቀጥ ብሎ የወጣ ሽቦ ቢሆን እምብርቱ ብቻውን ሊዞር ይቃጣው ነበር። እነዚያ ማቋረጦች ለጌጥ ይመስላሉ። አንዱም ለጌጥ አይደለም።

ይህ ሁሉ የሚስተካከለው በእጅ ነው። ብስክሌት በሞላባት ባሕር ዳር ሠሪዎቹ መንገድ ዳር ብስክሌቱን ገልብጠው፣ ጎማውን አሽከርክረው፣ በቸርኬውና በፍሬኑ ጎማ መካከል ያለውን ክፍተት ይመለከታሉ። ክፍተቱ ሰፋ ጠበብ ካለ ጎማው ይወላገዳል። ያኔ ሽቦው ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ዳዶ በሩብ ዙር ያጠብቃሉ፤ ከተቃራኒው ጎን ያለችውን ያላሉ። ከሩብ ዙር በላይ የሚሄድ እጅ አዲስ እጅ ነው። የለመደው ሰው ሽቦዎቹን እንደ ክራር ጅማት እየነካ በድምፃቸው ይለያቸዋል፤ ዝቅ ያለ ድምፅ የሰጠው ላልቷል፣ ከፍ ያለው ጠብቋል። በተለይ የኋላው ጎማ አስቸጋሪ ነው። ካቴናው በኩል ያሉት ሽቦዎች ከወዲያኛው ጎን ይልቅ ቀጥ ብለው ስለሚቆሙ የበለጠ መወጠር አለባቸው፤ ሁለቱ ጎኖች አንድ ዓይነት ድምፅ አይሰጡም፣ እንዲሰጡም አይጠበቅም። ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ይህን የሚያውቅ ጆሮ ነው። መሣሪያው አንዲት ቁልፍ፣ መለኪያው ዓይንና ጆሮ፤ ውጤቱ ግን በሚሊ ሜትር ክፍልፋይ የሚቆጠር ነው።

አሁን ቁልቁል እንሂድ። ስለ ጎንደር ግንብ የተጻፈው ስለበቃ አልፈዋለሁ። ከአዘዞ በኋላ መንገዱ በደጋው ላይ እየተንከባለለ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ጭልጋ፣ አይከል ይደርሳል። በዚህ አካባቢ ከመሬት የወጡት የዝሆን ዘመዶችና የሌሎች እንስሳት ቅሪቶች 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ የጥናቱ ውጤት «ኔቸር» መጽሔት ላይ የታተመው ብስክሌተኞቹ ባለፉበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ቆላ ይወድቃል። ገንዳ ውሃ፣ ኮኪት፣ መጨረሻ ላይ መተማ ዮሐንስ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚሁ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ከወደቁት ከአፄ ዮሐንስ ነው። ጆን ደንሎፕ በአየር የሚነፋውን ጎማ ፓተንት ያስወጣው ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ መሆኑን ሳስብ፣ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዘመን ውስጥ መግባታቸው እንግዳ ይሆንብኛል። ያለ ካላማዳሪ ይህን መንገድ የሚሞክር ወገቡን የጠላ ብቻ ነው።

ከአስፋልቱ ተገንጥሎ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሽንፋ የሚሄድ ሰው ዋልካ መሬት ውስጥ ይገባል። በክረምት ዋልካው ከጎማው ጋር ተጣብቆ ፍሬኑ ሥር እየታጨቀ ብስክሌቱን ያቆመዋል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ቀጭን ጎማ የሚውጥ ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ ነው እዚህ ወርዱ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ፣ አየሩም ቀነስ ያለ ጎማ የሚመረጠው፤ ጠጠሩን ከመዝለል ይልቅ ተቀብሎ ይለፈው ተብሎ። የሽንፋ ወንዝ ድንበር ሲሻገር ራሃድ ይባላል። በበጋ ፍሰቱ ይቋረጥና ኩሬ ኩሬ ሆኖ ይቀራል።

ከወንዙ ዳር የተገኘው የእጅ ሥራ ነው ከሁሉ ይበልጥ እዚህ ድረስ የሳበኝ። «ሽንፋ-መተማ 1» በተባለው ሥፍራ በጆን ካፐልማን የሚመራ ቡድን ባደረገው ቁፋሮ የመካከለኛው የድንጋይ ዘመን ሰዎች ሰፈር ወጥቷል፤ ካፐልማንም፣ ከባልደረቦቹ ሙሉጌታ ፍስሃም የጭልጋው ጥናት ላይ የነበሩ ናቸው። ውጤቱ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. «ኔቸር» ላይ ወጣ። ከተገኙት መካከል ትንንሽ፣ ሦስት ማዕዘን፣ ሁለት ጎናቸው የተመጣጠነ የድንጋይ ስሎች አሉ። ተመራማሪዎቹ መጠናቸውንና ጫፋቸው ላይ ያለውን የምት ስብራት አይተው የፍላጻ ጫፎች ናቸው ይላሉ። ዕድሜያቸው 74,000 ዓመት ገደማ ነው፤ ክርክሩ ከጸና በዓለም ከሚታወቁት እጅግ ቀደምት የቀስት ማስረጃዎች አንዱ ይሆናል።

ባልጩት የሚጠርብ ሰው ድንጋዩን በፈለገው ቦታ መምታት አይችልም። ጠርዙ ላይ ትክክለኛ ማዕዘን ያለው መቺያ ቦታ ማግኘት አለበት። ምቱ እዚያ ሲያርፍ ኃይሉ ውስጥ ለውስጥ ተስፋፍቶ አንድ ስባሪ ያነሣል፤ ስባሪው ከምቱ አጠገብ እብጠት፣ ከዚያ ወዲህ በተከታታይ የሚሰፋ የሞገድ መስመር ይይዛል። መስመሩ ከየት እንደተመታ ያሳያል። ኋላ የተነሣው ጠባሳ ደግሞ የፊተኛውን ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ድንጋዩን አገላብጦ የሚያይ ዓይን የጠራቢውን እጅ ቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ የት፣ ቀጥሎ የት እንደመታ ማንበብ ይችላል። መሳሳቱንም እንዲሁ። ከተሰበረ በኋላ የሚመለስ ነገር ስለሌለ፣ ጎማ አቅኚው ሩብ ዙር መልሶ እንደሚያላላው ዓይነት ዕድል እዚህ የለም። በዚህ ረገድ ጠራቢው ከሁሉ የከበደ ሥራ ላይ ነበር ብዬ እፈርዳለሁ።

የሁለቱ ጎን መመጣጠንም ለዓይን ብቻ የተደረገ አይመስለኝም። በክንድ የሚወረወር ጦር ከባድ ስለሆነ የጫፉን መዛባት በመጠኑ ይችላል። ቀላል ፍላጻ አይችልም፤ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ካደላ አቅጣጫውን ይስታል። ትንሽና ቀላል ዕቃ ከትልቁ ይልቅ ልክ መሆን ግዴታው ነው። ሽቦውንና ባልጩቱን አጎራብቼ የማያቸው በዚህ ነው፦ ሁለቱም ክብደትን ትተው በልክነት የሚተማመኑ ሥራዎች ናቸው።

የቆፋሪዎቹም እጅ ሊመሰገን ይገባል። በዚያው አፈር ውስጥ ከሰው ፀጉር የቀጠኑ የመስተዋት ብናኞች ለቅመው፣ ኬሚካላዊ ይዘታቸውን መርምረው፣ ሱማትራ ካለው የቶባ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ የመጡ መሆናቸውን ለይተዋል። ከዚያ ፍንዳታ በኋላም የሰፈሩ ሰዎች አልጠፉም። አገሩ ሲደርቅ ከእንስሳት ቅሪቱ የዓሣው ድርሻ ከ14 በመቶ ወደ 52 በመቶ ወጣ። ወንዙ ወደ ኩሬ ሲሰበሰብ ዓሣው በጠባብ ውኃ ይያዛል፤ የአንዱ ኩሬ ዓሣ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ተመራማሪዎቹም እንዲህ ያሉ በጋ ላይ የሚቆራረጡ ወንዞች የሰው ልጅ ከአፍሪካ የወጣባቸው መንገዶች ሳይሆኑ አልቀሩም ይላሉ።

ዛሬ በዚህ መንገድ ለመዝናናት ብስክሌት የሚነዳ አይታሰብም። ሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከገባች በኋላ በመተማ የሚያልፈው ስደተኛ ነው፤ አማራ ክልልም ራሱ ግጭት ውስጥ ነው። ሰላም ሲወርድ ለሚሞክረው ግን ጥሩው ጊዜ ዋልካው ደርቆ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው። ትርፍ ሽቦም ይያዝ፣ ሁለት ዓይነት፤ የኋላው ጎማ የሁለቱ ጎን ሽቦዎች ቁመት እኩል አይደለምና፣ አንዱን ዓይነት ብቻ የያዘ ሰው ግማሹን ያህል ሳይዝ እንደወጣ ይቆጠራል።